ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ክር

ዘንድሮ ሥራዬን ተውኩ። ተባረርኩ እንዳልል የሚያባርረኝ አለቃ የለም፤ ታመምኩ እንዳልል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዓይኔ በቀር ሁሉ ነገሬ ደኅና ነው። ሥራ ያስተወኝ አንድ ጥቅል መርገፍ ነው። አራዳ ገበያ በአንድ ሕንድ ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ፣ በመኪና የተሠራ መርገፍ እንደ ጠፍር ተጠቅልሎ ተሰቅሎ አየሁ። ነጋዴው ክንድ ለክንድ እየለካ በመቀስ ይቆርጣል። ገባሁና ስንት ክር እንዳለው ጠየቅሁት። ስንት ክንድ እንደምፈልግ መልሶ ጠየቀኝ። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ከእንግዲህ መርገፍ እንደማልቆጥር ነገርኳት፤ እሷም የመቁጠሪያ ምንጣፉ በመጨረሻ ነፃ ወጣ ብላ ያንኑ ቀን በርበሬ አሰጣችበት።

መርገፍ ማለት በታላቁ የቤተ ክርስቲያን ጥላ፣ በድባቡ ዙሪያ የሚንጠለጠለው የሐር ክር ነው። ታቦት ሲወጣ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው ግምጃው ላይና ጉልላቱ ላይ ነው። መርገፉን የሚያይ ጥቂት ነው፤ እሱም ነፋስ ሲነካው ብቻ። እኔ ግን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ያን ክር በመቁጠርና በማካፈል ነው። ስለዚህም ላወራ የፈለግሁት ስለ አንድ ቁጥር ነው። ሰው ስለ ፈረሱ፣ ስለ ጠመንጃው ያወራ የለም? እኔ ደግሞ ቁጥር ነው ያለኝ።

አባቴ ዶሮ ማነቂያ የሚኖር ሸማኔ ነበር። የእሱን ጉድጓድ ወርሼ እግሬን ከምቀብር ብዬ መጀመሪያ የገባሁት ከአንድ አርመናዊ ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው። ጌታዬ ሲቆጣ በሦስት ቋንቋ ይቆጣ ነበር፤ የደመወዝ ቀን ሲደርስ ግን አንዱንም አይሰማ። ቁልፍ ስተክልለት ሁለት ዓመት ቆየሁ። ከዚያ አንድ ወዳጄ፣ ሠራተኛ ሰፈር ድባብ የሚሠሩ መሪጌታ ክንፉ የሚባሉ ሰው ጣቱ የማይንቀጠቀጥ ጎልማሳ እንደሚፈልጉ ነገረኝና ሄድኩ።

መሪጌታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከጎጃም ዜማ ተምረው የመጡ ሰው ነበሩ። በአንድ ክረምት ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው እንደ ተሰነጠቀ ማሰሮ ሆነ። ከማኅሌቱ ወጡና ጥላ መሥራት ያዙ። ለታቦቱ መዘመር ቢያቅታቸው ፀሐይ ሊከልሉለት እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ሥራ ሲጀምሩ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። ከመቁጠሪያው ምንጣፍ ላይ ማንም በጫማ አይወጣም፤ እሳቸውም ቢሆኑ ምግብ አይቀምሱበትም። ሲቆጥሩ በግዕዝ ነበር የሚቆጥሩት፤ አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ እያሉ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ በአማርኛ ስንቆጥር መሐል ላይ ሐሜት ይገባበታል፣ በግዕዝ ግን ጎረቤት ማማት አልተለመደም አሉኝ። እኔም ግዕዙን እስከ መቶ አጠናሁ። እውነታቸውን ነበር።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ድባብ እንደ ማንኛውም ጥላ አጥንት አለው፤ በሁለት አጥንት መካከል ያለውን ጨርቅ ፊት እንለዋለን። አንዱ ባለ ስለት ስድስት ፊት ይላል፣ ሌላው ስምንት፣ ሌላው አሥራ ሁለት። መርገፉ ለሁሉም ፊት እኩል መድረስ አለበት። ካልሆነ ሁለት ጣጣ ይመጣል። አንደኛው፣ ባለ ድባቡ በሰልፍ ሲያሽከረክረው አንዱ ወገን ይከብዳል። ሁለተኛውና የባሰው፣ ለስለት የመጣ ሐር መትረፍ የለበትም። የተረፈውን ቤትህ አታስቀምጠው፣ የታቦት ነው፤ አትጥለው፣ ይረገጣል፤ በሌላ ሰው ስለት ውስጥ አትጨምረው፣ የሰው ጸሎት ከሰው ጸሎት ጋር ይደባለቃል። መሪጌታ በዚህ ነገር ፈጽሞ አይታጠፉም ነበር።

እንግዲህ ሐሩ የሚከረረው በበጋ ነው፤ ክረምት እርጥበት ይይዘዋል። ባለ ስለቱ ግን ስንት ፊት እንደሚፈልግ የሚወስነው በዓሉ ሲቃረብ ነው። ፊቱ ሳይታወቅ ክሩ ተከርሮ ማለቅ አለበት። መሪጌታ ለዚህ ያገኙት መድኃኒት ቁጥሯ ነች። ለአንድ ድባብ ሁልጊዜ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ክር ይዘጋጃል። ስድስት ፊት ቢባል አራት መቶ ሃያ ይደርሰዋል፤ ሰባት ቢባል ሦስት መቶ ስድሳ፤ ስምንት ቢባል ሦስት መቶ አሥራ አምስት፤ ዘጠኝ ቢባል ሁለት መቶ ሰማንያ፤ አሥር ቢባል ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት። አንዲት ክር አትተርፍም፣ አንዲት አትጎድልም።

ይህን መጀመሪያ ሲያሳዩኝ አስማት መሰለኝ። ደብተራም አይደሉ፤ አንድ ነገር ደግመውበት ይሆናል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሳቁና ምንጣፉ ላይ ቁጭ አደረጉኝ። ሰባትን በስምንት አብዛ አሉኝ፤ ሃምሳ ስድስት። በዘጠኝ አብዛው፤ አምስት መቶ አራት። በአምስት አብዛው፤ ቁጥሯ መጣች። ታዲያ ስድስትና አሥር ለምን ተረሱ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አልተረሱም» አሉኝ። «ስድስት ማለት ሁለትና ሦስት ነው። ሁለት ከስምንት ቤት፣ ሦስት ከዘጠኝ ቤት ተጠግተው ይኖራሉ። አሥርም አንድ እግሩ ከአምስት፣ አንድ እግሩ ከስምንት ዘንድ ነው። ለጥገኛ ሌላ ጎጆ አይቀለስለትም። ሰባት ግን ዘመድ የለውም፣ ራሱን ችሎ መግባት አለበት።»

አላመንኩም፤ ያነሰ ቁጥር ፈልጌ ላሳፍራቸው ተነሣሁ። ግማሿን ወሰድኩ፤ ስምንት ላይ አራት ተረፈ። ሲሶዋን ወሰድኩ፤ ዘጠኝ ላይ ሦስት ተረፈ። ሰባተኛዋን ብወስድ ሰባት ራሱ ተቀየመ። ከአንድ እስከ አሥር ያሉትን ሁሉ ሳታስቀይም የምታስተናግድ፣ ከእሷ ያነሰች ቁጥር እንደሌለች ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ፍቅር ያዘኝ ብል ማጋነን አይደለም። ክር ሳከፋፍል የሚያካፍሏትን ቁጥሮች እሰበስብ ጀመር፤ በመጨረሻ አርባ ስምንት ሆኑ። ሁሉም ባልና ሚስት ናቸው፤ ሰባት ሲነሣ ሦስት መቶ ስድሳ ይከተለዋል፣ ስምንት ሲነሣ ሦስት መቶ አሥራ አምስት። እንዲህ እየተጠጋጉ መጥተው አርባ አምስትና ሃምሳ ስድስት መሐል ላይ ይገናኛሉ። ብቻውን የቀረ የለም። ሠላሳ ስድስትን ብትወስዱ ግን ስድስት ከራሱ ጋር ነው የሚጣመረው፤ ወንደላጤ ነው።

ይህን ወሬ ጠጅ ቤት ይዤ መግባቴ ጥፋት ሆነ። የአራዳ ልጆች ያን ማታ ስም አወጡልኝ፤ ሁለት ሺህ ብለው ጠሩኝ። ከዚያ ወዲያ በገበያው ሳልፍ፣ ሁለት ሺህ መጣ፣ አምስት መቶ ሃያውን ከሚስቱ ዘንድ ትቶት ነው ይላሉ። ስሜ አያሌው መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው የቀረው።

ቁጥሯ ብዙ ጊዜ አውጥታናለች። አንድ ፊታውራሪ ስምንት ፊት አዘው ሄዱ። በሳምንቱ መጥተው ሕልም እንዳዩና ዘጠኝ እንዲሆን ተናገሩ። ደግሞ ቆይተው ባለቤታቸው ሰባት ብላለች አሉ። እኔ በልቤ ስራገም መሪጌታ ይሁን፣ ይሁን ከማለት በቀር ቃል አልተናገሩም። ፊታውራሪው ሲወጡ፣ ጌቶች ሐሳብ ቢለዋውጡ እሷ አትቀየምም አሉኝ። እንዲህ እንዲህ እያልን ስንኖር መሪጌታ ማናቸውም ባለ ስለት ሲመጣ፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ይዘጋጅ እንጂ የፈለጋችሁትን ፊት ምረጡ ማለት ልማድ ሆነባቸው። እኔም ከእሳቸው ሰምቼ እንደዚያው እል ነበር።

አሁን ስለ ወይዘሮ አመለወርቅ ልናገር። እሪ በከንቱ የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲያጭድ፣ ከልጆቻቸው የቀሩት ሁሉ ባንድ ላይ ተኙባቸው። የተረፉልኝ እንደሆነ፣ የሞቱትንም ያሉትንም ልጆቼን ቆጥሬ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ፊት ያለው ድባብ አስገባለሁ፣ ክሩንም በገዛ እጄ እከርራለሁ ብለው ተሳሉ። የተኙት ተነሡ። እሳቸውም ስለታቸው ስንት ክር እንደሚፈልግ ሊጠይቁ ወደ እኛ መጡ። መሪጌታ የተለመደውን መለሱላቸው፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ይከርሩ፣ ከዚያ ስንት ፊት ቢሉኝ ይሆናል።

ሐር ውድ ነው፤ ባገኙ ቁጥር እየገዙ ዓመታት ፈጀባቸው። ከርረው ጨርሰው ሲመጡ ቀኝ እጃቸው ደንዝዞ በግራቸው ይደግፉት ነበር። ከክሩ ጋር አሥራ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ግምጃ አመጡ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ፣ ለየልጁ ራሳቸው የመረጡት። አሥራ አንድ ፊት አሉ። መሪጌታም ይሁን አሉ። እኔም እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። በሥራ ዘመናችን አሥራ አንድ ያለ ሰው ስላልነበረ ሁለታችንም ልብ አላልንም።

ግምጃው ተቆረጠ፣ ተጠለፈ፣ አጥንቱ ቆመ። መርገፍ መጨረሻ ነውና ጥምቀት ሲቃረብ ምንጣፉን ዘረጋሁ። ክሩ አሥር አሥሩ ራሱ ላይ ታስሮ አንድ ጭብጥ ይባላል፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ጭብጥ ነበር። ለእያንዳንዱ ፊት ሃያ ሁለት ሃያ ሁለት አደረስኩ፤ አሥር ጭብጥ ቀረኝ። ፈታሁትና ዘጠኝ ዘጠኝ ክር ጨመርኩ። አንዲት ክር ምንጣፉ ላይ ቀረች።

የተሳሳትኩ መስሎኝ እንደገና ቆጠርኩ። አንዲት ክር። መሪጌታን ጠራኋቸው። እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡና በግዕዝ ጀመሩ። ሲጨርሱ ክሯን በሁለት ጣታቸው አንሥተው በብርሃን አዩዋት። ፊታቸው የዚያን ቀን አርጅቶ ታየኝ።

እንዴት ሊሆን ቻለ ብዬ ጮህኩ፤ ቁጥሯ ከዳችን አልኩ። አይደለም፣ እሷ እስከ አሥር ነው ቃል የገባችው፣ ከዚያ በላይ ያወራሁላት እኔ ነኝ አሉ። አሥራ አንድም እንደ ሰባት ዘመድ የሌለው ነው፤ ከማንም ቤት ተጠግቶ አይኖርም፣ እኛም ጎጆ አልቀለስንለትም። ይህን ሁሉ ያውቁት ነበር፤ ግን ማን ጠይቆ።

የሚያደርጉት ግራ ገባቸው። እኔ ክሯን አንዱ ፊት ላይ እንጨምራት፣ አንዲት ክር ማን ያያታል አልኩ። መሪጌታ የልጆቹ እናት ታያታለች አሉኝ። አሥር ክር ቢጨመር ሁሉም እኩል ይሆን ነበር፤ ግን የወይዘሮዋ እጅ ከእንግዲህ አይከርርም፣ የሌላ ሰው እጅ ደግሞ ከስለቱ ውጭ ነው። ሳይነግሯቸው መሥራት እንደማይሆን ቆርጠው፣ ክሯን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ እኔን አስከትለው ወደ እሪ በከንቱ ወረዱ። እንደዚያ ቀን አሳዝነውኝ አያውቁም።

ወይዘሮ አመለወርቅ ደጃፋቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። መሪጌታ ቆመው ሁሉንም ነገሯቸው፤ ስንት ፊት ቢሉኝ ይሆናል ያልኩዎ ስሕተት ነበር፣ አንዲት ክር ተርፋለች፣ ከፈቀዱ ከጉልላቱ ሥር ልቋጥራት ወይም ከአንዱ ፊት ላስገባት አሉ። ወይዘሮዋ ክሯን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

«ጉልላቱ ልጄ አይደለም» አሉ። «ከአንዱ ፊት አስገባት ካሉኝም፣ መሪጌታ፣ ለየትኛው ልጄ ላዳላ?»

 ሴትየዋ ክሯን ሲያሻሹ ቆዩ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ አሥራ ሁለት ፊት ቢሆንስ ብለው ጠየቁ።

«ሁለት መቶ አሥር፣ ሁለት መቶ አሥር ይደርሳል» አሉ መሪጌታ ወዲያው። «አንዲትም አትተርፍም።»

ወይዘሮዋ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ማልቀሳቸውን ያወቅነው ትከሻቸው ሲንቀሳቀስ ነው። ሲረጋጉ፣ ከሁሉ በፊት የወለዷት አንዲት ሴት ልጅ እንደነበረች ነገሩን። በተወለደች በሳምንቷ ሞተች። ለክርስትና ሰማንያ ቀን አልሞላትም፤ ከቤተ ክርስቲያን አጸድ አልተቀበረች፣ ፍትሐትም የላት። አማታቸው ይህችኛዋን ከልጅ እንዳትቆጥሪያት ብለዋቸው፣ ሰው ስንት ወለድሽ ሲላቸው እሷን ዘልለው ሲመልሱ ኖረዋል። ሲሳሉም ዘልለዋት ነው የተሳሉት።

«እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነዎት» አሏቸው መሪጌታን። «ነውር ከሆነ ይንገሩኝ፣ እተወዋለሁ።»

መሪጌታ ከአጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። ያን ሰው፣ ጥብቆው አፈር እንዳይነካው ስንት ጊዜ የሚያራግፈውን ሰው፣ አፈር ላይ ተቀምጦ አየሁት።

«የሞቱትን ሁሉ ቆጥሬ ብለው አይደል የተሳሉት፣ እመቤቴ» አሉ። «እንግዲያማ ስለቱ እስከ ዛሬ ጎድሎ ነበር፤ ነውሩ መጉደሉ ነው።»

ወደ ሥራ ቤት ስንመለስ ሌላ ችግር ጠበቀን። አሥራ ሁለተኛ ግምጃ የለንም፣ የሚገዛበትም ጊዜ የለም፤ የተቆረጠውም ለአሥራ አንድ ፊት የተቆረጠ ስለሆነ ሰፊ ነው። ጨርቅ ከየት እናመጣለን አልኳቸው። «ከወንድም ከእኅቶቿ እንለምናለን» አሉኝ። ከዚያ የአንዱን ፊት የታች ጠርዝ አሥራ ሁለት ቦታ እኩል አጣጠፉና አንዱን ክፋይ ከላይ እስከ ታች እንደ ቅዳጅ ቆረጡ። የቀረው ፊት በትክክል ለአሥራ ሁለት የሚሆን ወርድ ነበረው። ከአሥራ አንዱም እንዲሁ ቆረጥን። አሥራ አንዱን ቅዳጅ ጎን ለጎን ስናስቀምጠው፣ ወርዱ አሁን ከጠበቡት ፊቶች ጋር እኩል ሆኖ ቁጭ አለ። አልጠበበም አልሰፋም። ጫፍ ለጫፍ አጋጥመን፣ መጋጠሚያውን በወርቅ ክር ጠለፍን፤ አጥንቱን አፍርሰን እንደገና አቆምን። ጣቴ እስኪደማ ሰፋሁ፤ ግን እንደዚያ ሰሞን ሥራዬን የወደድኩበት ጊዜ የለም።

ድባቡን ስናስረክብ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ፊቶቹን ቆጥረው፣ መልካም፣ ሐዋርያት ናቸው አሉ። ቀጥለው ዝንጉርጉሩን ፊት አይተው ይሄኛውስ ለምን ተቀጣጠለ ብለው ጠየቁ። መሪጌታ ስለት ነው አሉና ሌላ ነገር አነሡ።

ለጥምቀት ወደ ጃንሜዳ ወጣን። ሰዉ እንደ ጉድ ነው። ወይዘሮ አመለወርቅ በሴት ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው መንገድ ዳር ቆመዋል፤ እኔና መሪጌታ ከኋላቸው ነበርን። ታቦቱ ሲወርድ ድባቡ ከፊት ከፊቱ እየተሽከረከረ መጣ፤ መርገፉ እኩል ከፍ እኩል ዝቅ ይላል። ሴትየዋ እያንዳንዱ ፊት ወደ እሳቸው ሲዞር ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁና ጠጋ አልኩ። ልጆቻቸውን እየጠሩ ነበር። ቀዩ ሲዞር ተሰማ አሉ፤ ሰማያዊው ሲዞር በላይነሽ፤ ብርቱካንማው ሲዞር ደምሴ፤ እንዲህ እያሉ የሞተውንም ያለውንም በየስሙ። ክርስትና ያልተነሣች ልጅ ስም የላትም። ዝንጉርጉሩ ፊት ሲዞር በዝግታ፣ «አንቺም» አሉ።